ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቻችን ምን ይሰማቸዋል?

የዛሬው የጤና ፕሮግራማችን ስለ ወባ ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም። ስለ ጎረምሶችና ኮረዶች ልጆቻችን የአእምሮ ጤና ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈተው ክረምቱ ሲያልፍ፣ በመስከረም ነው። እዚህ ካኩማ ግን በኬንያ የትምህርት ዘመን መሠረት በፈረንጆች ጃንዋሪ፣ በሙቀቱና በአቧራው መካከል ይከፈታል። የሚለወጠው ወሩ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲማር የቆየ ልጅ እዚህ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል፤ ኪስዋሂሊም ይጨመርበታል። ቋንቋውን እስኪለምድ ከዕድሜው በታች በሆነ ክፍል ሊመደብ ይችላል። የ15 ዓመት ጎረምሳ ከ10 ዓመት ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ የሚሰማውን እፍረት እስቲ አስቡት። ያ ልጅ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አልማርም» ቢል ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል። እፍረቱን የሚነግረው ሰው አጥቶ ይሆናል።

በዚህ ዕድሜ ለምን ይከብዳል?

በአፍላ ዕድሜ ስሜትን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። ነገርን አመዛዝኖ የሚወስነው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት አካባቢ እድገቱን አይጨርስም። በዚህም ምክንያት የእኩዮች ሳቅ ወይም ፌዝ ለእኛ ቀላል ቢመስልም ለእነርሱ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ 7 ወጣቶች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በስደት ላይ ደግሞ የጦርነት ትዝታ፣ የቤተሰብ መለያየትና በ2025 የተቀነሰው ራሽን ሸክሙን ያብሱታል።

እንዴት እናነጋግራቸው?

1. ጊዜ ምረጡ። ጎረምሳን ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅ ምርመራ ይመስለዋል። ጀሪካን ይዛችሁ ወደ ቧንቧ ስትሄዱ፣ ሽንኩርት ስትልጡ ወይም ቡና ሲፈላ ጎን ለጎን ሆናችሁ አውሩ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

2. «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስትሉ መልሱ «ደህና» ብቻ ይሆናል። ይልቁንስ «ዛሬ ደስ ያለህ ነገር ምን ነበር? የከበደህስ? ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ጥያቄዎች ልጁ ውሎውን መለስ ብሎ እንዲያስብ ይረዱታል።

3. አዳምጡ፤ ለመምከር አትቸኩሉ። «እኛ በእናንተ ዕድሜ ባዶ እግራችንን ሄደን ነው የተማርነው» የሚለው ንግግር የልጁን አፍ ይዘጋል። «በእርግጥም ከባድ ነው፤ እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር» ማለት ግን በር ይከፍታል።

4. መናገር የማይፈልግ ልጅ ይጻፍ ወይም ይሳል። ያረጀ ደብተር ይበቃል። ሳይፈቅድ አታንብቡት።

5. እንቅልፉን ጠብቁለት። በዚህ ዕድሜ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል።

አንድ ጓደኛ፣ አንድ አዋቂ

በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ልጅ በቀላሉ ብቸኛ ይሆናል። ብዙ ጓደኛ አያስፈልገውም፤ አንድ አብሮት የሚሄድና አንድ የሚያምነው አዋቂ ቢኖረው ብዙ ይቀልለታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀጣጥረው አብረው እንዲሄዱ አድርጉ። ጓደኛው ሱዳናዊ፣ ሶማሌ ወይም ኮንጎአዊ ቢሆን አትከልክሉ፤ ቋንቋውንም የሚማረው ከእርሱ ነው። ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ የኛ ልጆች ለአዲሶቹ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ቢያስረዱ ለሁለቱም ይጠቅማል። አስተማሪውንም ሄዳችሁ ተዋወቁ።

ሴቶች ልጆቻችንን በተለይ አንርሳ። ውኃ መቅዳቱ፣ ምግብ ማብሰሉና ታናናሾችን መጠበቁ በእነርሱ ላይ ብቻ ከወደቀ ለጥናትም ለጓደኛም ጊዜ አይተርፋቸውም። ሥራውን ለወንዶቹም አካፍሉ።

ያለ ወላጅ ለመጣችሁ ወጣቶችም የምንለው አለን፦ የምታምኑትን አንድ ጎረቤት፣ አስተማሪ ወይም የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ምረጡና አነጋግሩ። እርዳታ መጠየቅ ውርደት አይደለም።

ወደ ክሊኒክ መቼ እንሂድ?

በትምህርት መጀመሪያ መረበሽ ያለ ነገር ነው፤ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ይቀላል። ነገር ግን ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ከሰው ከራቀ፣ በትምህርት ቀን ጠዋት ጠዋት ራሱን ወይም ሆዱን ካመመው ወይም ጫት፣ መጠጥና ሲጋራ ከጀመረ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ብቻውንም አትተዉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም እንዲናገር ይረዳዋል። በኬንያ ውስጥ ልጆችም ወላጆችም በ116 በነፃ ደውለው ምክር ማግኘት ይችላሉ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልጆቻችን የውስጣቸውን እንዳይደብቁ ማዳመጥ የኛ ድርሻ ነው። ዛሬ ማታ ከጥያቄዎቹ አንዱን ጠይቋቸውና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ።