ድምፅ አጥፊው ሄድፎን የሚያጠፋው የትኛውን ድምፅ ነው?

ቤቱን ቢሮ ላደረገ ሰው ከጥሩ ወንበር ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ድምፅ አጥፊ ሄድፎን ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው የሙዚቃ አፍቃሪዎች ቅንጦት አድርጎ ያየዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ የሚዘጋ፣ የሚተረጉም ወይም ለፈተና የሚያጠና ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሰማ እንደሚውል ቢያስተውል ግን ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ውሃ ወደ ላይኛው ታንከር ሲሳብ ፓምፑ ግድግዳውን ያርገበግባል፤ መብራት ሲጠፋ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ጀነሬተሩን ያስነሳል። እነዚህ ድምፆች ስለማያቋርጡ የለመድናቸው ይመስለናል። ፓምፑ ድንገት ቀጥ ሲል ሰውነታችን ለምን ዘና እንደሚል ግን ራሳችንን አንጠይቅም።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ድምፅ የአየር መጨናነቅና መሳሳት ነው። በሄድፎኑ ላይ ያለች ትንሽ ማይክሮፎን የውጪውን ድምፅ ትቀበላለች፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የዚያን ሞገድ ግልባጭ ያዘጋጃል፤ ስፒከሩም አየሩ ሊጨናነቅ ሲል ያሳሳዋል፣ ሊሳሳ ሲል ያጨናንቀዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። የተሻሉት ሄድፎኖች ከጆሮው በኩል ሌላ ማይክሮፎን ስላላቸው፣ ሳይጠፋ የቀረውን እየለኩ ያርማሉ።

ሐሳቡ ከመሣሪያው በብዙ ዓመት ይበልጣል። ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ ድምፅን በድምፅ ለማጥፋት የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1933 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደለት በ1936 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ሥራውን የሚወጣ ፈጣን ኤሌክትሮኒክስ አልነበረምና ወረቀት ላይ ቀረ። የኤም አይ ቲው መምህር አማር ቦዝ በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲመለስ፣ በአውሮፕላኑ የታደለው ሄድፎን ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አላሰማው ብሎ እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌቱን ጀመረ። በ1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮየጀር በተባለችው አውሮፕላን፣ ነዳጅ ሳይጨምሩና ሳያርፉ ዘጠኝ ቀን ገደማ በርረው ዓለምን ሲዞሩ የዚህን ሥራ የሙከራ ምርት አጥልቀው ነበር። ለአብራሪዎች ገበያ ላይ የዋለው በ1989፣ የቦዝ ኩባንያ ለተራው ተሳፋሪ ያቀረበው በ2000 ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው የተወለደው የሞተርን ጉርምርምታ ለማጥፋት ነው። ሰው ዝም ለማሰኘት ማንም አልሠራውም።

ብዙ ገዢዎች የሚያዝኑበት እዚህ ላይ ነው። ዘመዶቿ ከአሜሪካ ውድ ሄድፎን የላኩላት አንዲት ወጣት ጎረቤቴ፣ በሳምንቱ ዕቃውን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው መሰለኝ የተላከው» አለችኝ። «ሳበራው እማዬ በስልክ የምታወራው ጭራሽ ጎልቶ ይሰማኛል።» ማብሪያውን ነካሁት፤ ፍሪጁ ከነመኖሩ ጠፋ። ዕቃው ፍጹም ጤነኛ ነበር። እሷም የሰማችው እውነት ነበር።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የጀነሬተር ዓይነት ወፍራም ድምፅ፣ 100 ሄርዝ ነው እንበል፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከሦስት ሜትር ይበልጣል። የ«ሰ» ወይም የ«ሸ» ፉጨት ያለበት የ4,000 ሄርዝ ቀጭን ድምፅ ሞገድ ግን ዘጠኝ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። አሁን ግልባጩ በሰከንድ 8,000ኛ ክፍል ብቻ ዘገየ እንበል። ለወፍራሙ ድምፅ ይህ መዘግየት ከአንድ ሞገድ 80ኛ እጅ ነው፤ ማጣፋቱ አይስተጓጎልም። ለቀጭኑ ግን ልክ ግማሽ ሞገድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግልባጭ የነበረው ከድምፁ ጋር ገጥሞ ያጎላዋል። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ቀስ ባለ ምት ላይ ትንሽ ብትዘገይ ማንም ልብ አይልህም፣ ፈጣኑ ላይ ግን በዚያችው መዘግየት ሌላው ትከሻውን ሲያወርድ አንተ ታነሣለህ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ማጥፊያውን በአብዛኛው ከ1,000 ሄርዝ በታች ባለው ድምፅ ላይ ይገድቡታል። ከዚያ በላይ ላለው የሚታመነው ጆሮን የሚከድነው ስፖንጅ ብቻ ነው፤ እሱም ይቀንሳል እንጂ አይደፍንም።

የሰው ንግግር ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። የአናባቢው ጉልበት በአብዛኛው ወፍራሙ በኩል ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ጨ የመሳሰሉት ግን ቀጭኑ በኩል ናቸው። ሄድፎኑ የእናቲቱን ድምፅ ጉልበት ቀንሶ ቃሉን ይተወዋል። በዚያ ላይ ሲሸፍናት የዋለውን የፍሪጅና የማራገቢያ ጉርምርምታ አንሥቶታል። ወሬው ከበፊቱ ጎልቶ መሰማቱ መሣሪያው ሥራውን በሚገባ የመሥራቱ ውጤት ነው። ቡና የሚወቅጥ ዘነዘና፣ የሚወድቅ የድስት ክዳን፣ በደጅ የሚያልፍ የቆራሌ ጥሪ እንዲሁ ሾልከው ይገባሉ፤ ድንገተኛ ናቸው፣ ቀጭን ድምፅም ይበዛባቸዋል።

የወሬው ነገር ቀላል አይደለም። ኮልና ዌልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በቅደም ተከተል የታዩ ፊደላትን በሚያስታውሱበት ሰዓት ከጎናቸው ንግግር ሲሰማ፣ ቋንቋውን ባያውቁት እንኳ ስሕተታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም ዋናው ችግር የንግግሩ መጮኽ ሳይሆን መለዋወጡ መሆኑን ደጋግመው አይተዋል። ሒሳብ የሚደምር ሰው ከሚቀጥለው ክፍል በሚመጣ የለሆሳስ ወሬ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማጥፊያውን አብርቶ በሄድፎኑ ውስጥ ዝቅ ያለ፣ የማይለዋወጥ ድምፅ መልቀቅ ነው፤ የዝናብ፣ የፏፏቴ ወይም ቃል የሌለው ዜማ። ማጥፊያው ወፍራሙን ያነሣል፣ ስፖንጁ ቀጭኑን ይቀንሳል፣ የተረፈውን ቃል ዝናቡ ይሸፍነዋል። ለጎረቤቴ ያደረግሁላት ይህንኑ ነው። እኔ በበኩሌ የክራርና የዋሽንት ዜማ ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ የማውቀው ዜማ ሲመጣ አብሬ መሄዴ አይቀርም። ዝናብ ግን የትም አይወስደኝም።

ድምፁን ከፍ አድርገው ወሬውን ለመዋጥ የሚሞክሩትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ በረከት ጀነሬተር እያጓራ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ማስቻሉ ነው። ያንን ጥሎ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ጆሮን በከንቱ መጉዳት ነው።

ሌላው ጥፋት አጠላለቁ ላይ ነው። ስፖንጁ በቆዳ ላይ ዙሪያውን ሳይከፈት መግጠም አለበት። ወፍራም ድምፅ ክፍተት ካገኘ ይገባል፤ የስፒከሩም ግልባጭ በዚያው ያመልጣል። በሻሽ ላይ ደርቦ ማጥለቅ፣ የሹሩባውን ጉንጉን በስፖንጁ ስር መተው፣ የመነጽሩ ክንድ ወፍራም ከሆነ ያንን ችላ ማለት፣ የከፈሉበትን ግማሹን መጣል ነው። ሻሹን ከጆሮ ኋላ ማሳለፍ፣ ጉንጉኑን ወደ ኋላ መግፋት ደቂቃ አይፈጅም። ስፖንጁ ሲላላጥና ሲሰነጠቅም ዕቃው አረጀ ብሎ መተው አይገባም፤ የሚቀየረው ስፖንጁ ነው።

ስለ ቤተሰብም ልናገር። በእኛ ቤት የተጠራ ሰው «አቤት» ይላል። እናት ሦስቴ ተጣርታ መልስ ስታጣ የምታዝነው በትክክል ነው፤ ልጇ መሥራቱን እንጂ አለመስማቱን በምን ታውቃለች? ሄድፎን ያጠለቀ ሰው ቀድሞ መናገር አለበት፦ «እማዬ፣ ይሄን ሳደርግ አልሰማሽም፣ ገብተሽ ትከሻዬን ንኪኝ።» ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ግን ጨርሶ አያጥልቀው። ምድጃ ላይ ወጥ የጣደም እንዲሁ።

ሊገዙ ለሚሄዱ፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ድምፅ የማጥፋት ተስፋ የማይክሮፎኑ ነው፤ ስልክ ስታወሩ ከወዲያ ያለው ሰው የእናንተን ቤት ጫጫታ እንዳይሰማ ያግዛል፣ ለእናንተ ጆሮ ግን አንዳች አይሠራም። ሻጩ ሙዚቃ ከፍቶ ሊያስደምማችሁ ቢሞክር እንዲያጠፋው ንገሩት። ከማራገቢያ ወይም ከሚሠራ ጀነሬተር አጠገብ ቁሙ፣ ያለ ምንም ሙዚቃ አጥልቁት፣ ማጥፊያውን አብሩት፣ አጥፉት፣ ደግማችሁ አብሩት። ጉርምርምታው በየማብሪያው ገደል እንደገባ ከሰጠመ፣ የሻጩ ድምፅ ቀጥኖ ግን ቃሉ እየተለየ ከተሰማችሁ፣ ዕቃው እውነተኛ ነው፤ ዋጋውን መከራከር ትችላላችሁ።