ከ100 በላይ፣ ከ150 በታች

ስለ አንድ ቁስ ስንሰማ ቀድመን የምንጠይቀው ከምን እንደተሠራ ነው። ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ለሚሰጡት፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው ደግሞ መጠናቸው ለሚለወጠው ፓይዞኤሌክትሪክ ፕላስቲኮች ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ከአንድ ከረጢት በወጣ ዱቄት ከተሠሩ ሁለት ስስ ፊልሞች አንዱ የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሴንሰር ሲሆን፣ ሌላው ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው ያለፉበት ሙቀት ነው። ይህ ደግሞ እንደ እኛ ባለ አገር በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ሙቀት በጣም ዝቅተኛ ነው።

ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኪዩሪ ይህን ባሕርይ በክሪስታሎች ላይ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በፕላስቲክ ላይ ጎልቶ የታየው ግን በ1969 ጃፓናዊው ሄይጂ ካዋይ ፒቪዲኤፍ የተባለውን ፖሊመር ለጥጦ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲያቆየው ነበር። «እንግዲያው ሥራውን የሠሩት መለጠጡና ኤሌክትሪኩ ናቸው፤ ሙቀት ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ለወፍራም ፊልም ክርክሩ ያስኬዳል። መስታወት ወይም ሲሊከን ላይ የተቀባ፣ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር የማይበልጥ ፊልም ግን ከሥሩ ሳይላቀቅ አይለጠጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፒቪዲኤፍን ትራይፍሎሮኤቲሊን ከተባለ ዘመዱ ጋር ያዋህዱታል፤ ውህዱ ሳይለጠጥ በራሱ የሚፈለገውን ሞለኪውላዊ አደራደር ይይዛል። ከዚያ በኋላ ጥራቱን የሚወስነው ዋናው መሣሪያ ሙቀት ነው።

ፊልሙ ከፈሳሽ ተቀብቶ ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ እንደተጠላለፈ ክር ናቸው፤ በሥርዓት የተደረደረው የክሪስታል ክፍል ትንሽና የተቆራረጠ ነው። 70 ለ30 በሆነው የተለመደ ውህድ ላይ ሁለት ወሳኝ የሙቀት መጠኖች አሉ። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ ሲል፣ የኪዩሪ ሙቀት በሚባለው ነጥብ፣ የሞለኪውሎቹ የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ይፈታና ሰንሰለቶቹ መንሸራተት ይችላሉ፤ 150 ዲግሪ ገደማ ላይ ደግሞ ክሪስታሉ ይቀልጣል። ፊልሙ በእነዚህ መካከል፣ ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ፣ ሲቆይ ሰንሰለቶቹ ይስተካከላሉ፣ ክሪስታሎቹ ያድጋሉ፣ በኋላ በኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫ የሚይዘው ክፍልም ይበዛል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ከመቅለጫው አልፎ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ ከወለሉ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ሰንሰለት አዎንታዊና አሉታዊ ጎን ከርዝመቱ በስተጎን ስለሆነ፣ ከላይና ከታች በተቀመጡ ኤሌክትሮዶች የሚሰጠው ቮልቴጅ ሊያዞረው አይችልም። ክሪስታሉ የበዛበት ፊልም እያለ ሴንሰሩ ይደክማል! ሳይቀልጥም ቢሆን ከልክ በላይ ከቆየ ክሪስታሎቹ ገዝፈው ገጹን ያሻክሩታል፤ በመካከላቸው በሚቀረው ክፍተትም ኤሌክትሪክ ያፈስሳል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ ሙቀቱ ይቀድማል፣ የኤሌክትሪክ መስኩ ይከተላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሙቀቱ የተሰጠውን አቅጣጫ ያጠፋዋል። ይህ ለሐኪም ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ተራው ፒቪዲኤፍ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ፣ በፈላ ውሃ ማጽዳት እንኳ ይጎዳዋል። የሕክምና ዕቃ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚያጸዳው ኦቶክሌቭማ ውህዱንም ከኪዩሪ ሙቀቱ በላይ ያወጣዋል። ሽቦ በብየዳ ማያያዝም ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

«ይህ ፕላስቲክ ከሴራሚኩ ጋር ሲወዳደር ደካማ ነው» የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። በአንድ ኒውተን ጫና የሚሰጠው ከ20 እስከ 30 ፒኮኩሎም ሲሆን፣ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ውስጥ የተለመደው ፒዜድቲ ሴራሚክ ብዙ መቶዎች ይሰጣል። ነገር ግን ሴራሚኩ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፣ የሚተኮሰውም በ1,200 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ይሰበራልም። ፕላስቲኩ ይተጣጠፋል፤ ድምፅን የሚያስተላልፍበት ሁኔታ ለውሃና ለሰውነት ስለሚቀርብ የአልትራሳውንድ መሣሪያዎች የሚለኩት በእርሱ በተሠሩ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎኖች ነው። ስስነቱም ይጠቅማል፦ አቅጣጫ ለማስያዝ ለአንድ ማይክሮሜትር 50 ቮልት እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ለመቶ ማይክሮሜትር ግን ሺዎች።

ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮችንና የፀሐይ ኃይል ሴሎችን ለዓመታት አጥንተዋል፤ እዚያም ፊልም ከፈሳሽ ይቀባል፣ በሙቀትም ይስተካከላል። ዱቄቱ ከውጭ መምጣቱ አይካድም። መብራት መጥፋቱም ችግር ነው፤ ሆኖም ገና አቅጣጫ ያልተሰጠው ፊልም ኦቨኑ ቢቋረጥበት አይበላሽም፣ እንደገና ሊሞቅ ይችላል። የሚያበላሸው ከ150 የሚያሳልፍ፣ ልኩን የማይጠብቅ ኦቨን ነው። ስለዚህ ለቤተ ሙከራ ገንዘብ የሚመድብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ልዩነት የሚጠብቅ ኦቨንና የታመነ ቴርሞሜትር ይግዛ።