ስለ አድራሻና ስለ ጠቋሚ፤ ከመቱና ከጎሬ ስሞች የተገኘ ትምህርት

በመቱም ሆነ በጎሬ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ለዘመዱ የሚሰጠው የቤቱን ቍጥር ሳይሆን የፖስታ ሣጥን ቍጥሩን ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ተማሪ ደግሞ «በእገሌ በኩል» አሰኝቶ የትምህርት ቤቱን ወይም የአስተማሪውን ሣጥን ያስጽፋል። ቍጥሩ ደብዳቤው አይደለም፤ ደብዳቤው የሚገኝበትን ስፍራ የሚያመለክት ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት ብዙ ጓደኞቻችንን የሚያስጨንቀው «ጠቋሚ» የተባለው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

የኮምፒዩተር ሜሞሪ ከ0 ጀምሮ ተራ ቍጥር የተሰጣቸው እጅግ ብዙ ሣጥኖች ናቸው ብለን እናስብ። አንዱ ሣጥን ባይት ይባላል፤ የሚይዘውም ከ0 እስከ 255 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ነው። ተራ ቍጥሩ አድራሻው ነው። ጠቋሚ ማለት እንግዲህ በውስጡ የሌላ ስፍራ አድራሻ የተጻፈበት ስፍራ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? የኢሉባቦር ዋና ከተማ ቀድሞ ጎሬ ነበረች፤ በኋላ መቱ ሆነች። ዐሥር መዝገብ ያለው ጸሐፊ በየመዝገቡ «ጎሬ» ብሎ ጽፎ ከሆነ ዐሥሩንም መፋቅ አለበት። «የዋናው ከተማ ስም በ1ኛው መዝገብ አለ፤ ከዚያ ተመልከት» ብሎ ከሆነ ግን አንዱን ማረም ይበቃዋል። ዘጠኙ መዛግብት ጠቋሚዎች ናቸው።

አደጋም አለው። የሣጥኑ ኪራይ አልቆ ለሌላ ሰው ቢሰጥ፣ የቀድሞውን ቍጥር የያዘው ዘመድ ምሥጢሩን ለማያውቀው ሰው ይልካል። የተለቀቀ ስፍራን አድራሻ ይዞ የቀረ ጠቋሚም እንደዚሁ ነው።

እኔን ግን ይበልጥ ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው በሲ ቋንቋ የኢሉባቦርን ከተሞች ስም የሚመዘግብ አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። መቱና ጎሬ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው በማለት፣ የጽሑፉን መጨረሻ ከሚያስታውቀው 0 ጋር፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ባይት ብቻ መደብሁላቸው። ለላቲን ፊደል ቢሆን ሒሳቡ ትክክል ነበር። የመጀመሪያዋን ከተማ ስም እንዲያትም ባዘዝሁት ጊዜ ግን «መጎሬ» ብሎ አተመልኝ። እንዲህ የምትባል ከተማ እኔ አላውቅም!

ምክንያቱ ይህ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ተሰጠው፤ መ 4632፣ ቱ 4721 ነው። እነዚህ ከ255 ስለሚበልጡ በአንድ ባይት አይገቡም። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ መ 225፣ 136፣ 152 ሲሆን፣ ቱ 225፣ 137፣ 177 ነው። ስለዚህ «መቱ» ከ0ው ጋር 7 ባይት ይፈልጋል።

የመቱ ስፍራ ከአድራሻ 1000 ቢጀምር የጎሬ ከ1003 ይጀምራል። መቱ ሲጻፍ ድንበሩን ጥሶ እስከ 1006 ዘለቀ፤ ቀጥሎ ጎሬ ከ1003 ሲጻፍ «ቱ»ን ደመሰሰው። በ1000 ላይ የቆመው ጠቋሚም 0 እስኪያገኝ ድረስ ሲያነብ መ፣ ከዚያም ጎ፣ ከዚያም ሬ አገኘ። ማሽኑ ምንም አልተቃወመኝም፤ በሲ ቋንቋ ድንበር መጠበቅ የጸሐፊው ዕዳ ነው።

በዚያው ጠቋሚ ላይ አንድ ቢጨመርበትም ወደ 1001 ይሄዳል እንጂ ወደ ቱ አይደርስም። በ1001 ያለው 136 የመ ወገብ ነው፤ ለብቻው ፊደል አይሆንም። ወደሚቀጥለው ፊደል ለመድረስ ሦስት መራመድ ያሻል።

ፕሮግራሙን ያረምሁት ስፍራውን በፊደል መቍጠር ትቼ በባይት በመለካት ነው፤ ለመቱና ለጎሬ 7፣ ለበደሌና ለሁሩሙ 10።