ኮከብ የሳለው እጅ

ጠረጴዛው ላይ በድርብ መስመር የተሳለ ኮከብ አለ። ሥራው እርሳሱን ከሁለቱ መስመሮች ሳያስወጡ ኮከቡን መዞር ነው። እጅም ወረቀቱም ተከልለው የሚታዩት በመስታወት ብቻ ስለሆነ ግን ጥግ ላይ ሲደርሱ እጅ ግራ ይገባዋል፤ ወዲያ ሲሉት ወዲህ ይላል።

አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን በሦስት ቀን ልምምድ ተካነበት። ሆኖም በየቀኑ ወረቀቱን ሲያቀርቡለት አይቶት እንደማያውቅ ነበር የሚናገረው።

ሄንሪ የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ.፣ በ27 ዓመቱ፣ ዶክተር ዊልያም ስኮቪል በግራም በቀኝም ከጆሮ ግንዱ በስተውስጥ ካለው የአንጎል ክፍል፣ ከሂፖካምፐስ ጭምር፣ ቆርጦ አወጣለት። በሽታው ቀነሰ፤ አዲስ ነገር መያዝ ግን አበቃ። አሁን ያነጋገረውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ እንደ አዲስ ይተዋወቀው ነበር። ጨዋታው፣ የማሰብ ችሎታው፣ የልጅነት ትዝታው ግን አብሮት ነበር።

ከዚያ በፊት ተመራማሪው ካርል ላሽሊ የአይጦችን አንጎል እየቆረጠ የትውስታን ቦታ ቢፈልግ ስላጣው፣ ትውስታ በአንጎል ሁሉ የተበተነ ነው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋ ነበር። ከሞንትሪያል እየተመላለሰች ሄንሪን የመረመረችው ብሬንዳ ሚልነር ግን ትውስታ አንድ ዓይነት እንኳ እንዳልሆነ አሳየች፤ የእጅ ልምድ ሌላ፣ የሆነውን ማስታወስ ሌላ።

በ1990ዎቹ የመጣው፣ አንጎልን በሥራ ላይ ሳለ የሚያነሣው ኤምአርአይ ሐሳብን አያይም፤ የሚከታተለው ኦክስጅን የተሸከመውን ደም ነው። እኔ በምስሉ ላይ በሚታዩት ቀያይ ነጥቦች ቶሎ አልማረክም። በሠርግ ቤት ወዲያ ወዲህ የሚለው ብዙ ነው፤ ወጡ በማን እጅ እንደሚጣፍጥ የሚታወቀው ወጥ ሠሪዋ የቀረች ዕለት ነው። ምስሉ በቦታው የተገኘውን ያሳያል፤ በሽተኛው ደግሞ ያለ እሱ የማይሆነውን።

የበሽተኛም ምስክርነት ቢሆን ቀዳዳ አለው፤ ቢላዋ የቲዎሪ ድንበር አያከብርም። ስኮቪል ወደ ኋላ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጫለሁ ብሎ ነበር። በ1990ዎቹ ሄንሪ የአንጎል ቅርጽ በሚያሳየው ኤምአርአይ ሲታይ የተቆረጠው 5 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ቀርቷል፣ በዙሪያው ያለው ሌላ ሥጋ ግን ሄዷል። ጥፋቱን ሁሉ በሂፖካምፐስ ላይ መጫን ችኮላ ነበር ማለት ነው።

በ2008 ሲሞት አንጎሉ ሳን ዲዬጎ ተወስዶ 2,401 ስስ ቅጠል ሆኖ ተቆረጠ። ቅጠሎቹ ሲመረመሩ በአንጎሉ የፊት ክፍል በስተግራ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፈው ትንሽ ጠባሳ ተገኘ።