መብራት በሌለው ዕቃ ቤት የክረምትን እርጥበት ስለ መከላከል

ሐምሌና ነሐሴ ለዕቃ ቤት አስጨናቂ ወራት ናቸው። በሰኔ ደረቅ ሆኖ የተቆለፈ ሣጥን በመስከረም ሲከፈት ካባው ሻግቶ፣ ብራናው ተጨማድዶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ብዙው ዕቃ ቤት ኤሌክትሪክ ስለሌለው ያለ መብራት የሚቻለውን እንጽፋለን።

እርጥበት ሁልጊዜ በሚያፈስ ጣሪያ አይመጣም። አየር ሲሞቅ ብዙ ውኃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ይጥለዋል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም፣ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ከዝናብ በኋላ የገባው አየር በቆርቆሮውና በድንጋዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ዝናቡ እንዳባራ «ይናፈስ» ብሎ መስኮት መክፈት የሚጎዳው ስለዚህ ነው። የሚከፈተው ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ግድም ነው፤ ደመናው ሳይከብድ ይዘጋ። በልደታ አካባቢ እንደምናየው ፎቅ በዙሪያው የበዛበት ቅጥር ፀሐይና ነፋስ ስለሚያንሰው ይህን ሰዓት ማሳለፍ አይገባውም።

የቀደሙት አባቶች መጽሐፉን በማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ከወለል ይርቃል፣ አይጥ አይደርስበትም፣ አየር ዙሪያውን ይመላለሳል። ዛሬ የብረት ሣጥን ከግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጡ በእኛ አስተያየት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከባዱ መጽሐፍ በእንጨት መደርደሪያ፣ ከግድግዳና ከወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ። መሸፈኛው ንጹሕ አቡጀዲ ይሁን፤ ላስቲክ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል።

ጨው በሳሕን ማኖር የተለመደ ነው። ሆኖም የገበታ ጨው ውኃ በብዛት መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ግድም ሲደርስ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ 70 በመቶ ካለፈ ለመብቀል አይቸገርም። ስለዚህ ጨው መድኃኒት ሳይሆን ምስክር ነው። በእሳት የደረቀ ጥቂት ጨው ከዕቃው ርቆ ይቀመጥ፤ ከረጠበ ቤቱ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ከሰል አንድዶ ቤቱን ለማድረቅ መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ልብሱን ያጠቁራል፣ ጋዙ ሰው ይገድላል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ በአብዛኛው ከውጭ ነው። ከግንቦት ልደታ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ጊዜ አሸንዳው ይጠረግ፣ የላላው ቆርቆሮ ይመታ፣ ውኃውን ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር። አሮጌ የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ባይለሰን ይሻላል፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ይይዘዋል።

የሻገተ ነገር ከተገኘ ካህናቱና ዕቃ ጠባቂው ከሌላው ለይተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነፋሻ ጥላ ሥር ያድርቁት። ሻጋታው ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ከቤት ውጭ ይራገፍ። ብራና ቆዳ ነውና በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ከደረቀ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ በኋላ ደግሞ የሚያቃናው ባለሙያ ብቻ ነው።