የወል ስምና የተጸውዖ ስም

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ስም ነው። ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ።

በመጀመሪያ "ከተማ" ብላችሁ ጻፉ። ከተማ ስንል የትኛዋ ናት? አይታወቅም። ደብረ ሲናም ከተማ ናት፤ አጣዬም ከተማ ናት። ሁሉም በጋራ የሚጠሩበት ስለሆነ የወል ስም ይባላል። ወል ማለት የጋራ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ "ሸዋ ሮቢት" ብላችሁ ጻፉ። ይህ ለአንዲት ከተማ ለብቻዋ የወጣ መጠሪያ ነው። የተጸውዖ ስም ይባላል። ተጸውዖ ከግዕዝ የመጣ ቃል ነው፤ መጠራት ማለት ነው። እንደዚሁም ወንዝ የወል ስም ሲሆን፣ ሮቢና ጀውሃ የተጸውዖ ስሞች ናቸው።

"ታዲያ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?" ትሉ ይሆናል። የእርሻችሁ አዋሳኝ ሲጻፍ "በምሥራቅ ወንዝ" ብቻ ከተባለ፣ ወንዙ ብዙ ነውና ነገ ክርክር ይነሣል። "በምሥራቅ ሮቢ ወንዝ" ከተባለ ግን ነገሩ ተለየ። ደብዳቤ ስትልኩም እንዲሁ ነው። በራያ ቆቦ በኩልም ሮቢት የምትባል ከተማ አለች። ስለዚህ "ሮቢት" ብቻ አይበቃም፤ "ሸዋ" የሚለው ይጨመርበት።

በእንግሊዝኛ የተጸውዖ ስም በዐይን ይለያል። የመጀመሪያው ፊደል በትልቁ ይጻፋል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ያውም ብዙዎቹ የሰው ስሞቻችን ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸው፤ አበባ፣ ደስታ፣ ተስፋ እንደሚባሉት። ታዲያ በምን እንለያቸው?

አንደኛ፣ "አበባ አየሁ" ቢል የማሾ ወይም የሌላ ተክል አበባ ነው። "አበባን አየሁ" ቢል ግን ሰዋን ነው። "ን" የምትባለዋ አንዲት ፊደል ለየቻቸው።

ሁለተኛ፣ የወል ስም ሲበዛ "ወንዞች"፣ "ከተሞች" እንላለን። ፋጡማ ከጓደኞቿ ጋር ስትመጣ ግን "ፋጡማዎች" አንልም፤ "እነ ፋጡማ መጡ" እንላለን።

ሦስተኛ፣ "ወንዙ ሞላ" ይባላል፤ "ሮቢው ሞላ" ግን አይባልም። ሮቢ ብሎ መጥራቱ ብቻውን ይበቃል።

አሁን እነዚህን ለዩ፦ ማሽላ፣ ይፋት፣ ገበያ፣ ሰይድ፣ ግመል፣ አዋሽ። ይፋት፣ ሰይድና አዋሽ የተጸውዖ ስሞች ናቸው ካላችሁ፣ ትምህርቱ ገብቷችኋል።

ለቤት ሥራ፣ የቤተሰባችሁን ስም ከነአባት ጽፋችሁ ቆዩ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።