የዲኤስቲቪ ውል ሲለወጥ ደንበኛው ምን መብት አለው?

  

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከደረስጌ በተደጋጋሚ የምንጠየቀው ጉዳይ አለ። በየወሩ የሚከፈልበት ቴሌቪዥን ዋጋው ሲጨምር ወይም ጣቢያ ሲቀነስበት ደንበኛው «እንዲህ አልተዋዋልንም» ማለት ይችላልን? ቴሌቪዥን ማየቱ ራሱ ምን ይባላል የሚለውን ዛሬ አናነሳም፤ የያዝነው የገንዘብ ሐቅ ነው።

በውል መገኘት በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ የታዘዝንበት ግዴታ ነው። ትእዛዙ ሻጩንም ገዢውንም ይይዛል። የሐነፊ ፉቀሃዎች ስለ ኢጃራ ሲያስረዱ፣ «በየወሩ ይህን ያህል» ተብሎ የታሰረ ውል የሚጸናው ለመጀመሪያው ወር ነው ይላሉ። አዲስ ወር ሲገባ ሁለቱም መተው ይችላሉ፤ ከቀጠሉ ለዚያ ወር ታሰሩ ማለት ነው። ስለዚህ በተከፈለበት ወር መሀል ዋጋ መጨመር አይቻልም። ለመጪው ወር ግን ሻጩ አዲስ ዋጋ መጠየቅ ይችላል፤ አውቆ የከፈለም ተስማምቷል።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ነገር ግን በቁጥር 1684 ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች የተለየ ደንብ አለ። ውሉን የሚለውጥ ሐሳብ «መልስ ካልሰጣችሁ እንደተቀበላችሁ ይቆጠራል» ብሎ በሚያሳውቅ ልዩ ጽሑፍ ከደረሰና በተገቢው ጊዜ ካልተቃወሙት ይጸናል። እንግዲህ ቅር ያለው ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከሚያማርር ቶሎ በጽሑፍ ይቃወም!

ከባዱ ነገር ዲኮደሩ ነው። በ2013 የውድድር ዘመን ሱፐር ስፖርት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ማስተላለፍ ጀመረ፤ የዚያ ዓመት ዋንጫም የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሆነ። ለዚያ ብሎ ዲኮደር ለገዛ ሰው የስርጭት መብቱ ለ5 ዓመት ብቻ እንደተሸጠ ማን ነገረው? ዕቃው ለሌላ ድርጅት ስለማይሠራለት «ካልተስማማህ ተው» የሚለው መብት ለእርሱ ግማሽ መብት ነው። ሻጩ «ይህ ጣቢያ አይቋረጥም» ብሎ ሸጦለት ከሆነ ማታለል ነውና የዲኮደሩን ዋጋ ሊጠይቅ ይገባዋል። ምስክር ወይም ጽሑፍ ከሌለው ግን ማስረዳቱ ይከብደዋል።

በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ደንበኛ የዲኤስቲቪን ባለቤት መልቲቾይስን ከሶ ነበር። ከቅሬታው አንዱ የጭማሪው ማስታወቂያ ጊዜ አጠረ የሚል ነው። የሸማቾች ጥበቃ ችሎቱ ጭማሪው እንዲታገድ አዘዘ፤ ድርጅቱ ግን ጨመረ። በኋላ ችሎቱ 150 ሚሊዮን ናይራ ቀጣው፣ ለደንበኞችም የአንድ ወር ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ወሰነ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ለመኖሪያ ቤት በተከፈለ ጥቅል ሰው እያስከፈሉ ጨዋታ የሚያሳዩ ወንድሞች አሉ። ለንግድ ቤት ውሉም ዋጋውም ሌላ ነው። በሕጋችንም የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ብሎ መጠየቅ አይችልም። ወላሁ አዕለም።